ከጨርቅ ሱቅ ባንኮኒ እስከ ጊዜ ማሽን፦ የኤች. ጂ. ዌልስ ሕይወት

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1888 ለንደን፣ ሳውዝ ኬንሲንግተን በሚገኝ የሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት መጽሔት አንድ ልብ ወለድ ይዞ ወጣ። መጽሔቱ አሁን በእጃችሁ ካለው የትምህርት ክፍላችን ቡሌቲን ብዙም የሚለይ አልነበረም፤ ጸሐፊዎቹም አንባቢዎቹም ያው ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። የታሪኩ ርዕስ «ዘ ክሮኒክ አርጎኖትስ» ይላል። አንድ እንግዳ ሳይንቲስት በገጠር መንደር ውስጥ ባዶ ቤት ይገባል፤ በሩን ዘግቶ የሚሠራው ማሽን በመንገድ ላይ ሳይሆን በጊዜ ውስጥ የሚሄድ ነው። ታሪኩ በሦስት ተከታታይ እትሞች ወጣና ሳያልቅ ተቋረጠ። ጸሐፊው የመጽሔቱ የመጀመሪያ አዘጋጅ የነበረ ልጅ ነው። በዚያን ሰዓት ግን ፈተና ወድቆ ከኮሌጁ ወጥቷል፣ ታሟል፣ ቋሚ ሥራም የለውም። ዕድሜው 21 ነው። ስሙ ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ይባላል።

በዚያ ዘመን እኛ አካባቢ ሐሰን እንጃሞ የቀቤናንና የጉራጌን ተዋጊዎች አሰልፎ ከምኒልክ ጦር ጋር ይፋለም ነበር። ዘመኑ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ እንዲታያችሁ ብዬ ነው።

እኔም 21 ዓመቴ ነው፤ የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከዚህ ሰው ጋር ያገናኘኝ የሬዲዮ ፕሮግራም ዝግጅት ትምህርታችን ነው። በቡድን የሬዲዮ ድራማ ስለምንሠራ የድሮ ድራማዎችን አዳምጡ ተባልን፤ ለእኔ የደረሰኝ እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካው ሲቢኤስ ሬዲዮ «ኢስኬፕ» በተባለው ፕሮግራም የተላለፈው «ታይም ማሽን» ሆነ። ቅጂው ሰባ ምናምን ዓመት ያለፈው ነው፤ ከድምፁ ሥር ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ነገር ይንሿሿል። እዚሁ ወልቂጤ ማደሪያ ክፍሌ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ድራማው ጥሩ ነው። ደራሲውን ፍለጋ ስገባ ያገኘሁት ግን ከድራማው በለጠብኝ። የጊዜ ጉዞ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ማሽኑ ነው። እኔ ግን ያንን ታሪክ የወለደው ላቦራቶሪ ሳይሆን ሱቅ ነው ባይ ነኝ፤ ሱቅ ምን እንደሆነ ደግሞ ለጉራጌ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዌልስ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1866 ከለንደን ወጣ ብላ በምትገኘው በብሮምሊ ከተማ ነው። አባቱ ጆሴፍ መጀመሪያ አትክልተኛ ነበር፣ ኋላ ባለሱቅ ሆነ፤ የሸክላ ዕቃና የክሪኬት መጫወቻ ይሸጣል። ሱቁ ገበያ አልነበረውም። ቤቱን የሚደጉመው አባትየው ክሪኬት ተጫውቶ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። በነገራችን ላይ ቀልደኛ ተጫዋች አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ለኬንት ቡድን ሲሰለፍ በአራት ተከታታይ ኳሶች አራት ተጋጣሚ አስወጥቷል፣ ጨዋታውን የሚያውቁ ሰዎች ይሄን ብርቅ ነው ይሉታል። እናቱ ሣራ ከጋብቻ በፊት የእመቤት ደንገጡር የነበረች፣ ሃይማኖቷን አጥባቂ ሴት ናት።

ቤተሰቡ አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ከሱቁ ሥር፣ ምድር ቤት ባለው ማድ ቤት ነበር። መስኮቱ ከመንገዱ በታች ነው፤ በላዩ የብረት ፍርግርግ አለ። ትንሹ ዌልስ ከዚያ ውስጥ ቀና ሲል የሚያየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ እንኳ ይሄን አልረሳውም። እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሊስትሮ ነው። ከኛ አካባቢ ወጥተው አዲስ አበባ ላይ ጫማ ሲጠርጉ ያደጉ ስንትና ስንት ሰዎች አሉ፤ ከተማውን ከታች ወደ ላይ እያዩ፣ ሰውን ከፊቱ በፊት በጫማው እየለዩ።

ሰባት ዓመቱ ላይ እግሩ ተሰበረ። ለሳምንታት ተኝቶ አባቱ ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ የሚያመጣለትን ያነብ ጀመር፤ ንባብ የያዘው በዚህ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የአባቱ ጭን ተሰበረ። ይሄኛው ስብራት ግን ቤቱን አፈረሰው፤ ክሪኬቱ ቀረ፣ ከክሪኬት የሚገኘውም ብር ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1880 እናቱ ባሏን ሱቁ ጋ ትታ ሰሴክስ ገጠር ውስጥ «አፕፓርክ» በሚባል የመኳንንት መኖሪያ የቤት አስተዳዳሪ ሆና ተቀጠረች።

እዚህ ቤት ላይ ትንሽ ልቆይ። ጌቶቹ ላይ ናቸው፣ አገልጋዮቹ ምድር ቤት። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ስለተሠራ ምግቡ የሚመጣው ከመሬት በታች በተቆፈረ ረጅም መተላለፊያ ነው፤ አገልጋይ በሣሩ ላይ ሲመላለስ ከላይ ካሉት ሰዎች ዓይን እንዳይገባ። ዌልስ እናቱን ሊጠይቅ በሄደ ቁጥር የሚገባው በዚያ በታችኛው ዓለም ነው። ላይ ደግሞ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ከዚያ እያወጣ እንዲያነብ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱንም ዓለም ያያል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ ዕጣ የጨርቅ ሱቅ ነበር፤ የሱም ያው ሆነ። መጀመሪያ ዊንዘር ከተማ ሞከረ፤ ገንዘብ ተቀባይ አድርገውት ሒሳቡ አልገጥም እያለ ስላስቸገረ አልቆየም። መድኃኒት ቤትም ገብቶ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1881 ሳውዝሲ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ፣ በአንድ ትልቅ የጨርቃጨርቅ መደብር ለአራት ዓመት በውል ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ለዚህ እናቱ ገንዘብ ከፍላለች፤ ያኔ ልጅን ሙያ ለማስለመድ የሚከፍለው ወላጅ ነው። ሥራው በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡30 እስከ ምሽቱ 2፡30 ነው፣ 13 ሰዓት። ጣቃ ማውረድ፣ መዘርጋት፣ መልሶ መጠቅለል፣ አቧራ ማራገፍ፣ ደንበኛ ሲመጣ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ፈገግ ማለት። ማታ ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ የጋራ ክፍል ያድራል።

አጎቴ ከቡታጅራ ገጠር ወደ መርካቶ የሄደው በ12 ዓመቱ ነው። የዘመድ ሱቅ ገባ። ቀን ይላላካል፣ ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ባንኮኒው ላይ አንጥፎ ይተኛል። ዛሬ የራሱ ሱቅ አለው፤ የኔን የትምህርት ወጪ የሸፈነውም እሱ ነው። ስለዚህ ሱቅን ለመናቅ አፌን አልከፍትም፤ ብዙዎቻችንን ያሳደገ ቤት ነው። የዌልስን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን አጎቴ ለመስቀል ሲመጣ፣ ያኔ መማር ትፈልግ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። ከዚያ ስለ መንገዱ ማውራት ጀመረ።

ዌልስ ሁለት ዓመት ቻለ። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ቁርስ ሳይቀምስ በእግሩ ወደ አፕፓርክ ተነሣ። መንገዱ 17 ማይል ነው፣ ወደ 27 ኪሎ ሜትር፤ ከወልቂጤ ተነሥቶ እምድብር ሊደርስ ጥቂት እንደቀረው ሰው ማለት ነው። እናቱን ያገኛት ከሌሎቹ አገልጋዮች ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው። ከዚያ ሱቅ ካላወጣሽኝ በሕይወት አልኖርም አላት። እናት ደነገጠች። የከፈለችው ገንዘብ አለ፣ ውሉ አለ፣ የሰው አፍ አለ፤ ለሷ የጨርቅ ሱቅ ማለት ልጇ ከድህነት የሚወጣበት በር ነው። ልጁ ግን አልተመለሰም። በመጨረሻ ውሉ ፈረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1883 ቀደም ሲል ጥቂት ጊዜ የተማረበት የሚድኸርስት ትምህርት ቤት ኃላፊ እየተማረ እንዲያስተምር ተቀበለው። ለኔ የሰውየው ሕይወት መታጠፊያ ይቺ እሑድ ናት። መጽሐፉን ከጻፈበት ቀን ትበልጥብኛለች።

(ወንድሞቹስ? ፍሬድ ጨርቅ ንግዱ ላይ ቆየና ኋላ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ታላቁ ፍራንክ ግን ሱቁን ጥሎ በየመንደሩ የሚዞር ሰዓት ጠጋኝ ሆነ። ሰዓት የሚጠግን ወንድም ያለው ሰው የጊዜ ማሽን ቢያስብ ምን ይገርማል? ይሄን እንኳ ለጨዋታ ነው።)

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። የመንግሥት ፈተና በጥሩ ውጤት እያለፈ እ.ኤ.አ. በ1884 መግቢያዬ ላይ ወዳነሳሁት የሳይንስ ኮሌጅ በነፃ ትምህርት ዕድል ገባ። በሳምንት አንድ ጊኒ ይከፈለዋል፤ ለምግብና ለኪራይ የማትበቃ ነበረች፣ ዌልስ በተማሪነቱ ከስቶ አጥንቱ እስኪቆጠር ደርሷል። የመጀመሪያውን ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ቶማስ ሐክስሊ ናቸው፤ የዳርዊንን ሐሳብ በየአደባባዩ የተከራከሩለት ሰው። ፍጥረት ይለወጣል፣ የሚለወጠውም የግድ ወደ ተሻለ አይደለም የሚለውን ነገር ከሳቸው ወሰደ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ግን መምህራኑ አላስደሰቱትም፤ ክርክር ክበብ፣ መጽሔት ዝግጅት፣ ሶሻሊስት ስብሰባ ሲል ትምህርቱን ረሳው። እ.ኤ.አ. በ1887 የጂኦሎጂ ፈተና ወደቀና ያለ ዲግሪ ወጣ። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ሲገባ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ኳስ ሜዳ ላይ አንድ ተማሪ ጎኑን መትቶት ኩላሊቱ ተጎዳ፤ ከዚያ ደም ያስለው ጀመር። «ዘ ክሮኒክ አርጎኖትስ» የተጻፈው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ኋላ ታሪኩ በጣም ስላስጠላው የመጽሔቱን የቀሩ ቅጂዎች እየገዛ አጥፍቷል ይባላል።

ዲግሪውን በ1890 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በውጭ ተፈታኝነት አገኘ። ከዚያ በርቀት ትምህርት ድርጅት ባዮሎጂ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ደሙ እንደገና ሲመጣ ግን ክፍል ውስጥ ቆሞ ማስተማር አከተመ። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ያስፈልገዋል።

እዚህ ጋ ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚሆን ነገር አለ። ዌልስ ለጋዜጣ ለመጻፍ ብዙ ሞክሮ አልተሳካለትም ነበር፤ ትልልቅ ሐሳብ ይጽፋል፣ አዘጋጆች ይመልሱለታል። ታሞ ባሕር ዳር ሊያርፍ በሄደበት የጄምስ ባሪን አንድ ልብ ወለድ ያነባል። እዚያ ውስጥ አንድ ወጣት ጸሐፊ የሚሳካለት ስለ ፒፓ፣ ስለ ጃንጥላ፣ ስለ አበባ ማሰሮ መጻፍ ሲጀምር ነው። ዌልስ ነገሩ ወዲያው ገባው። ባሕር ዳር ስለ መሰንበት አጭር ጽሑፍ በደብዳቤ ጀርባ ላይ ሞነጫጨረ፤ የአክስቱ ልጅ በታይፕ መታችለት፣ ለፓል ማል ጋዜት ላከው፣ ታተመ። ከዚያ በኋላ እጁ አልቆመም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከማስተማሩ የበለጠ ገቢ አገኘ። እኛ በአንደኛ ዓመት የፊቸር አጻጻፍ ስንማር የሰማነው ሁሉ በዚህች ታሪክ ውስጥ አለ።

የጊዜ ጉዞውን ግን አልተወውም ነበር። ለስድስት ሰባት ዓመት ደጋግሞ አፍርሶ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1894 በናሽናል ኦብዘርቨር በተከታታይ ጽሑፍ መልክ ወጣ፤ አልጣመም። ዊልያም ሄንሊ የተባሉት አዘጋጅ ወደ ኒው ሪቪው መጽሔት ሲዛወሩ ግን እንደ ልብ ወለድ አድርገህ እንደገና ጻፈው፣ 100 ፓውንድ እንከፍላለን አሉት። ዌልስ ያኔ ሰቨንኦክስ በምትባል ከተማ ቤት ተከራይቷል፤ የመጀመሪያ ሚስቱን ትቶ ተማሪው ከነበረችው ኤሚ ካትሪን ጋር ሳይጋባ ይኖራል፣ ገንዘብ የለም፣ ሳንባው አያስተማምንም። የበጋ ሌሊት መስኮት ከፍቶ ሲጽፍ አከራይዋ ውጭ ቆማ ስለሚቃጠለው መብራት ታጉረመርማለች። መብራት ይጥፋ የምትል አከራይ ያላት ተማሪ ይህን ክፍል ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በሜይ 1895 ወጣ፤ አድዋ ሊደርስ አሥር ወር ገደማ ሲቀር ማለት ነው።

ታሪኩን ላላነበባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው፣ ስሙ አይነገርም፣ የጊዜ ማሽን ሠርቶ ወደ 802,701 ዓመተ ምሕረት ይሄዳል። እዚያ ኤሎይ የሚባሉ ትንንሽ፣ ቆንጆ፣ የማይሠሩ ፍጥረቶች ያገኛል፤ ፍራፍሬ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ሲጨልም ይፈራሉ። መጀመሪያ የሰው ልጅ ገነት ገብቷል ብሎ ያስባል። ከዚያ በየሜዳው የጉድጓድ አፍ ያያል፤ ጆሮውን ሲያስጠጋ ከሥር የማሽን ድምፅ ድም፣ ድም ይላል። ከመሬት በታች ሞርሎክ የሚባሉ ነጫጭ ፍጥረቶች አሉ። የላዮቹን ልብስ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ማታ ማታ ደግሞ ወጥተው የላዮቹን ይበላሉ። ተጓዡ ሲያሰላስል ሁለቱም የሰው ዘር መሆናቸው ይገባዋል፤ ጌታና ሠራተኛ ተለያይተው፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች እየኖሩ ብዙ መቶ ሺ ዓመት ሲያልፍ ሁለት ዓይነት ፍጥረት ሆነዋል።

አሁን ወደ ብሮምሊው ማድ ቤትና ወደ አፕፓርክ መተላለፊያ ተመለሱ። ከፍርግርጉ ሥር ጫማ የሚያይ ልጅ፣ እናቱ ምድር ቤት የምትሠራ ልጅ፣ 13 ሰዓት ጣቃ የሚጠቀልል ልጅ። ዌልስ ሩቅ ዘመን ሄዶ ያገኘው የሚያውቀውን ቤት ነው።

ግን የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ ሳልናገረው አላልፍም። ይሄ ሰው የመጣው ከታች ነው። ታሪኩን ሲጽፍ ግን የላዮቹን የሚያሳዝኑ፣ የታቾቹን የሚያስጠሉ አድርጎ ነው የሳላቸው። ተጓዡ አንዲት ኤሎይ ያዝንላታል፣ ሞርሎኮቹን በብረት ይፈልጣል። ከምድር ቤት የወጣ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ የሚሰማው ፍርሃት ነው እንዴ? አንዳንድ አንባቢዎች ዌልስ ሆን ብሎ የባለጸጎቹን ፍርሃት ነው ያሳየው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ወደዚያ ሱቅ እንዳይመልሱት የሚለምን የ16 ዓመት ልጅ ይታየኛል፤ ከሞርሎኮቹ የሚሸሸው እሱ ይመስለኛል።

ዘመንን መዝለል ራሱ ለኛ አዲስ አይደለም። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ልጅ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለሱን እንደያዘ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ በለሱ ሳይደርቅ ኢየሩሳሌም ተለውጣ እንዳገኛት ሲሰማ ያድጋል። ሙስሊሙ ጓደኛዬ ደግሞ በዋሻ ውስጥ ሦስት መቶ ዘጠኝ ዓመት ስለተኙት ወጣቶች ከቁርኣን ያውቃል። በነዚህ ሁለት ታሪኮች ሰው ዘመን የሚሻገረው በፈጣሪ ፈቃድ ነው፤ ራሱ ምንም አያደርግም። ዌልስ ያመጣው ለውጥ መሪውን ለሰውየው መስጠቱ ነው፤ ልሂድ ሲል ይሄዳል፣ ልመለስ ሲል ይመለሳል። የሚያንቀላፋ ሰው ታሪክም ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1899 በወጣው መጽሐፉ አንድ ሰው 203 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ ገንዘቡ ወለድ በወለድ ሆኖ የዓለም ባለቤት ሆኗል። እቁብ ሰብሳቢ ያሰበው ሕልም ይመስላል።

ከ1895 በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው፤ ዝናው የሚታወቅ ስለሆነ። «የዶክተር ሞሮ ደሴት» በ1896፣ «የማይታየው ሰው» በ1897፣ «የዓለማት ጦርነት» በ1898 ተከታተሉ። ሀብታም ሆነ። የጨርቅ ሱቅ ልጅነቱን «ኪፕስ» በተባለ ልብ ወለድ በ1905 ጻፈው። ሁለተኛ ሚስቱን እያለች ከብዙ ሴቶች ጋር ተያያዘ፤ ከጸሐፊዋ ሬቤካ ዌስት እ.ኤ.አ. በ1914 ወንድ ልጅ ወለደ። የዓለም ታሪክ ጻፈ፣ ሌኒንንም ስታሊንንም አግኝቶ አነጋገረ፣ አንድ የዓለም መንግሥት ይቋቋም እያለ እስኪሞት ሰበከ። ሁሉ ነገሩ የሚወደስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1901 ባወጣው ስለ መጪው ዘመን በሚናገር መጽሐፍ ነጭ ላልሆኑ ሕዝቦች በዚያ ዘመን ቦታ እንደሌላቸው አድርጎ ጽፏል። ከኋላ ዘመኑ ይሄን የሚቃረን ብዙ ነገር ጻፈ፤ በ1940 ስለ ሰብዓዊ መብት የጻፈውም የሚጠቀስ ነው። የፊተኛው ግን ታትሞ ቀርቷል፣ አንባቢ ሁለቱንም ማየት አለበት።

አሁን ወደ ሬዲዮ ልምጣ። ነገን በመተንበይ ስሙ የገነነው ሰው ሬዲዮ ላይ ሳተ። እ.ኤ.አ. በ1927 በጻፈው ጽሑፍ የሬዲዮ ስርጭት ብዙ እንደማይቆይ ተናገረ፤ የሚቀሩለት አድማጮች ብቸኞች፣ ሕመምተኞችና መብራታቸው ደካማ በሆነ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው አለ። እኔ ይሄን ሳነብ አያቴ ቤት ትዝ አለኝ። ኩራዝ ነበር የሚበራው፤ ሬዲዮው በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አያቴ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ጎረቤት ሁሉ ቤቷ ይሰበሰብ እንደነበር ስትናገር ትናንት የሆነ ይመስላት ነበር። ከክስታኔ መንደር ተነሥተው ማንም ያላያትን የድሮዋን ጎጃም ሄደው ይመለሳሉ፤ ማሽን የለ፣ መሪ የለ። መብራቱ ደካማ የሆነ ቤት ለሬዲዮ ሞት ምልክት ሳይሆን ዋናው አዳራሽ ነበር።

ዌልስ ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ቢቢሲ ማይክራፎን ፊት ተቀመጠ፤ ደጋግሞም ተጋበዘ። ድምፁ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አልነበረም፣ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው። በ1932 ባደረገው ንግግር በየዩኒቨርሲቲው ታሪክ የሚያስተምሩ ብዙ ፕሮፌሰሮች እያሉ መጪውን የሚያጠና አንድም ፕሮፌሰር የለም ብሎ ወቀሰ። ሐሳቡ እኮ ጥሩ ነው።

የሱን ሥራ በሬዲዮ ያነገሠው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ስሙም በኛ ፊደል ሲጻፍ ያው ዌልስ ነው፣ ኦርሰን ዌልስ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1938 ሲቢኤስ ላይ «የዓለማት ጦርነት»ን በሰበር ዜና መልክ አቀረበው፤ በማግሥቱ ጋዜጦች አሜሪካ በድንጋጤ ተናወጠች ብለው ጻፉ። ይሄን ታሪክ ክፍል ውስጥ ሁላችንም ሰምተነዋል። የምጨምረው ቢኖር ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጋዜጦቹ ነገሩን በጣም እንዳጋነኑት ማሳየታቸውን ነው፤ ያን ምሽት በስልክ ከተጠየቁ ሰዎች መካከል ያንን ፕሮግራም እየሰማሁ ነው ያለው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ማስታወቂያቸውን ሬዲዮ እየወሰደባቸው የነበሩ ጋዜጦች ሬዲዮን ለመክሰስ ጥሩ አጋጣሚ አገኙ። ሁለቱ ዌልሶች እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1940 ቴክሳስ ሳን አንቶንዮ ውስጥ በአንድ ጣቢያ አብረው በአየር ላይ ዋሉ። አንዱ 74፣ አንዱ 25 ዓመቱ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ በ1938ቱ ነገር ተቆጥቶ ነበር፤ ያን ቀን ግን እየሳቀ ወጣቱን ስለ አዲሱ ፊልሙ ይጠይቀው ነበር። ፊልሙ «ሲቲዝን ኬን» ነው።

በመጨረሻው ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ዌልስ ከተማዋን አልለቅም ብሎ ቆየ። የስኳር ሕመም ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1934 የብሪታንያን የስኳር ሕሙማን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። የመጨረሻ መጽሐፉ የ1945ቱ ተስፋ የቆረጠ ሰው መጽሐፍ ነው። ኦገስት 13 ቀን 1946 በ79 ዓመቱ ቤቱ ውስጥ ሞተ፤ አመዱ ባሕር ላይ ተበተነ።

ኢስኬፕ «ታይም ማሽን»ን ያስተላለፈው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፤ በ1950 ደግሞ በሌሎች ተዋንያን ደገመው። ከዚያ በኋላ «ዳይሜንሽን ኤክስ» እና «ኤክስ ማይነስ ዋን» የተባሉ ፕሮግራሞች የጊዜ ጉዞ ታሪኮችን በየሳምንቱ ከሚያቀርቧቸው መካከል ያስገቡ ጀመር፤ ሁሉም የዚህ ሱቅ ልጅ ዕዳ አለባቸው። የኢስኬፕ አዘጋጆች አንድ ነገር ለውጠዋል። በመጽሐፉ ተጓዡ ብቻውን ነው የሚሄደው፤ በሬዲዮው ጓደኛውን ይዞ ይሄዳል። ሬዲዮ ብቻውን የሚያይ ሰው አይችልም፤ ያየውን የሚነግረው፣ ያ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልጋል። ስክሪፕት ስንጽፍ መምህራችን ደጋግመው የነገሩን ይሄንኑ ነው። ነገር ግን ዋጋ አስከፍሏል። ብቸኝነቱ ጠፋ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ማምለጡና መታገሉ ቦታውን ስለሚይዝ፣ ላይና ታች እንዴት እንደተለያዩ ተጓዡ ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ረጅም ክፍል ሳሳ። ማሽኑ ቀረ፣ ምድር ቤቱ ደበዘዘ።

ቡድናችን አሁን የራሱን አጭር ድራማ እየጻፈ ነው፤ ተጓዡን ብቻውን እንስደደው ወይስ ጓደኛ እንስጠው በሚለው እስካሁን አልተስማማንም። እኔ ብቻውን ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ከጉድጓዱ የሚሰማውን ድም፣ ድም ለማስተርጎም ንግግር አያስፈልግም፣ ድምፁ ብቻ ይበቃል። መጨረሻውን ግን ማናችንም ልንነካው አልፈለግንም። በመጽሐፉ ተጓዡ ተመልሶ ያየውን ሲናገር እራት ጠረጴዛው ላይ አንድ የጋዜጣ አዘጋጅና አንድ ጋዜጠኛ አሉ። ሁለቱም አያምኑትም፤ አዘጋጁ በልቡ የነገውን ርዕሰ ዜና ያስባል፣ ጋዜጠኛው ይቀልዳል። በማግሥቱ ተጓዡ ማስረጃ ሊያመጣ ትንሽ ካሜራ ይዞ ማሽኑ ላይ ይወጣል፤ ለሚጠብቀው ወዳጁ ግማሽ ሰዓት ብቻ ታገሠኝ ይለዋል። ወዳጁ ታሪኩን ሲጽፍ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሰውየው አልተመለሰም።